ወተት ሊገዛ እንደሚወጣ ሰው

ወረቀቱ ከበሩ ሥር ተወሽቆ ነበር። ሲግኒ ከሥራ ስትመለስ በጫማዋ ረገጠችው።

«ውድ ሲግኒ፤ ቅር እንዳይልሽ። ምናልባት ራዲዮ ከፍተሽ ረስተሽ ይሆን? ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ የሚያለቅስ ነገር ይሰማኛል። ዘፈን ከሆነም ደስ የሚል ዘፈን ነው። ከታች፣ ሚስስ ኒየሚ።»

በሰሜን አሜሪካ ትልቅ ሐይቅ ዳር ባለችው የወደብ ከተማ፣ በዱሉት፣ ሰው ሲቆጣ እንዲህ አድርጎ ነው የሚቆጣው። ሲግኒ እዚያው ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ማንበብ አላስፈለጋትም። የቤቱ ባለቤት ሚስስ ኒየሚ ሰማንያ ዓመት ቢሞላቸውም ራዲዮና ውሻ የሚምታታባቸው ሴት አይደሉም። «ዘፈኑ» ዋልተር ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ከእንስሳት መጠለያ ያመጣችው፣ አንድ ጆሮው የቆመ አንዱ የወደቀ ቡናማ ውሻ።

በሩን ከፍታ ስትገባ ወረቀቱን ረሳችው።

ዋልተር በሽቦ ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ ነበር። መጠለያው «ብቻውን ስትተዪው ሳጥኑ ውስጥ ቆልፈሽበት ሂጂ፤ ይረጋጋል» ብሏት፣ እሷም የታዘዘችውን ስታደርግ ሰንብታለች። አሁን የሳጥኑ ሽቦ በአንድ በኩል ወደ ውጭ ተጣምሟል። የውሻው ደረት በለሃጭ ረጥቧል። ድዱ ይደማል። የላይኛው ክራንቻው ከግማሹ ተሰብሮ ከሳጥኑ ወለል ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። እንዲያም ሆኖ ሲያያት ጅራቱን ወለሉ ላይ ይመታል።

ያ ጅራት ነው ያስለቀሳት።

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሉፔ ከደቡብ፣ ከቴክሳስ የመጣች ሴት ናት። ነገር አታለዝብም።

«ይሄ ውሻ ሁለተኛ ሳጥን ውስጥ አይገባም» አለች፣ የዋልተርን ከንፈር ገልጣ እያየች።

«ሥራ ስሄድስ?»

«ቤቱ ውስጥ ልቅ መሆን ይልመድ። በአንድ ቀን ግን አይደለም። መጀመሪያ ወጥ ቤቱን፣ ከዚያ መተላለፊያውን፣ ከዚያ ሁሉንም ክፍል። አንድ ደቂቃ ትወጫለሽ፣ ትመለሻለሽ። ከዚያ አምስት። ከዚያ ሃያ። ከደነገጠብሽ ወደ ኋላ ትመለሻለሽ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«እሱን ጠይቂው። እስከዚያ ድረስ ግን ቀኑን ሙሉ ብቻውን አትተዪው። ሌላ ጥርስ እንዲሰብር ካልፈለግሽ በቀር።»

ሲግኒ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት። ከወደቡ አጠገብ ባለ የሸራ ቦርሳ መስፊያ ቤት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል።

ያን ቀን ማታ ወደ ሚስስ ኒየሚ ወረደች። አሮጊቷ ከአጃና ከቸኮሌት የጋገሩትን ኬክ በሳህን አቀረቡላት።

«አይ፣ እኔን እንኳ አልረበሸኝም» አሉ። «ለዕድሜዬ ጆሮዬ ደህና ነው ለማለት ያህል ነው። ለመሆኑ የቤቱ ውል የሚያልቀው መጋቢት ላይ አይደል? በቃ፣ ሐይቁ ሲከፈት እናየዋለን።»

ሲግኒ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ተረድታለች። የሐይቁ በረዶ ተሰብሮ መርከቦች መውጣት እስኪጀምሩ ድረስ ጊዜ ተሰጥቷታል። እስከዚያ ልቅሶው ካላቆመ ዋልተር ወደ መጠለያው ይመለሳል። ጥርሱ የተሰበረ፣ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ተወስዶ የተመለሰ ውሻን ደግሞ ማንም አይወስደውም።

«እኔ ልጠብቅልሽ እችላለሁ» አለ አንድ ድምፅ።

የወንድማቸው ልጅ ኦሪን ነበር። በጓዳው በር ላይ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። የብረት ማዕድን በሚጭኑ መርከቦች ላይ ይሠራል። ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲረጋ መርከቡ ወደቡ ውስጥ ይታሰራል፤ እሱም የበረዶውን ወራት አክስቱ ቤት የዱር ሩዝ ሾርባ እየጠጣና ደጃፍ እየጠረገ ያሳልፋል።

«ውሻ ኖሮህ ያውቃል?» ጠየቀችው።

«የለም። ግን ስምንት ሰዓት ዝም ብዬ መቀመጥ እችላለሁ። ግማሹ ሥራዬ እሱ ነው።»

ሚስስ ኒየሚ ወደ ጣሪያው እያዩ «ሰባት ሰዓቱንስ እንደሚችል እኔ እመሰክራለሁ» አሉ።

ሲግኒ ሳቀች። ከዚያ ደነገጠች። ከሳቀች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ትርፍ ቁልፏን ስትሰጠው የመዳፏ ላብ ቁልፉ ላይ ቀረ። እሱም አይቶ እንዳላየ በሱሪው ጠረገው።

*

ልምምዱን የሚያደርጉት ማታ ማታ፣ ከሥራ ስትመለስ ነው።

በፍሪጁ አናት ላይ ትንሽ ካሜራ አስቀመጠች። ሁለቱ ከበሩ ውጭ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና፣ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርገው ዋልተርን ያያሉ። አንድ ደቂቃ። ተነስተው ይገባሉ። ሁለት ደቂቃ። ተነስተው ይገባሉ። ማውራት አይቻልም፤ ውሻው ይሰማል። ሳል እንኳ በእጅ ይታፈናል። ደረጃው ጠባብ ስለነበረ ትከሻው ትከሻዋን ይነካታል። የሹራቡ ሱፍ የሞተር ዘይትና የሳሙና ሽታ አለው።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ኦሪን ከኪሱ እርሳስና ያገለገለ ፖስታ አወጣ። ጻፈ፣ ሰጣት።

«ምን እያደረገ ነው?»

«በሩን ያያል» ብላ ጻፈች።

«አንቺስ?»

ቀና ስትል እውነትም ስልኩን ሳይሆን በሩን እያየች ነበር። እርሳሱን ተቀበለች። ከዚያ በትንንሽ ፊደል፦ «ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው በዚህ በር ወጣ። ሲወጣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰናበተኝ። ሦስት ጊዜ ተመልሶ አቀፈኝ፣ አለቀሰ፣ እመጣለሁ አለኝ። አልመጣም።»

ኦሪን አነበበው። ሊጽፍ እርሳሱን አስጠጋ፣ ተወው። ፖስታውን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ስልኩ ላይ ዋልተር አዛጋ።

*

በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ደቂቃ ደረሱ። የሳጥኑ በር ተነቅሎ ወጣ፤ ዋልተር ሲፈልግ ይገባል፣ ሲፈልግ ይወጣል። አንድ እሁድ «አንድ ሰዓት እንሞክር» ተባባሉ።

ሲወጡ እንደ ወጉ ወጡ። በዚያ አገር ሰው ከቤት የሚወጣበት ወግ አለ። መጀመሪያ ሁለት ጉልበት በመዳፍ ይመታል፣ «እንግዲህ...» ይባላል፣ ማንም ግን አይነሳም። ቀጥሎ ተነስቶ ስለ አየሩ ይወራል። ካፖርት ለብሶ ስለ መንገዱ ይወራል። በር ላይ ቆሞ ዋናው ወሬ ይጀመራል። ሲግኒ ተንበርክካ ዋልተርን አቀፈችው። «አይዞህ እሺ? እንመለሳለን። ጎበዝ ልጅ። አታልቅስ እሺ የኔ ጌታ?» ኦሪንም በተራው ጎንበስ አለ። «በል እንግዲህ፣ ቤቱን አደራ።» ሲግኒ በሩን ዘግታ፣ ደግሞ ከፍታ አንገቷን አስገብታ «አይዞህ» አለችው።

ከሐይቁ ዳር ሲመለሱ ሚስስ ኒየሚ ደረጃው ግርጌ ቆመው ነበር።

«ራዲዮሽ ተሠርቷል መሰለኝ» አሉ። በራቸውንም ዘጉ።

የበሩ መቃን እስከ ወገብ ድረስ ተቦጭቋል። የተላጠ እንጨት ወለሉን ሞልቶታል። ዋልተር በራሱ ፈቃድ ሳጥኑ ውስጥ ጥግ ይዞ ይንቀጠቀጣል። ሲግኒ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አለቀ» አለች። «ነገ ልመልሰው። ማሰቃየት ነው ይሄ።»

ኦሪን የእንጨቱን ስንጥር አንድ በአንድ ለቀመ። «እስኪ ለሐኪሟ እንንገራት» አለ በመጨረሻ።

ዶክተር ሉፔ በማግሥቱ ወደ ማታ መጣች። መቃኑን አየች፣ ውሻውን አየች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እስኪ ስትወጡ እንዴት እንደምትወጡ አሳዩኝ።»

አሳዩዋት። ጉልበታቸውን መቱ፣ ካፖርት ለበሱ፣ ተንበረከኩ፣ አደራ አሉ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ። ሲመለሱ ሐኪሟ ሰዓቷን እያየች ነበር።

«አሥራ አራት ደቂቃ» አለች። «እናንተ የዚህ አገር ሰዎች ምን ሆናችኋል? እኔ እንኳ ቀብር ልትሄዱ መስሎኝ ልቤ ፈራ። እሱማ ምን ይበል? ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተንበርክከው አይዞህ ሲሉት፣ የሚያስፈራ ነገር ሊመጣ ነው ማለት ነዋ።»

ሲግኒ ፊቷ ቀላ።

«ወተት ሊገዛ እንደሚወጣ ሰው ውጡ። ቃል የለም፣ ማየት የለም። ወተት ልትገዛ ስትወጣ ማንን ትሰናበታለህ?»

«አክስቴን እሰናበታለሁ» አለ ኦሪን።

ሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች። «ከዛሬ ጀምሮ አትሰናበትም። ስትመለሱም ያው ነው። ውሻው ተረጋግቶ እስኪተኛ ሰላምታ የለም። የሚሰናበት ሰው ሄዶ የሚቀር ሰው ነው፤ የሚመለስ ሰው ዝም ብሎ ይወጣል። ይሄን ነው የምታስተምሩት።»

ሲግኒ ሳታስበው ወደ ኦሪን አየች። እሱም የደረት ኪሱን በእጁ ነክቶ ወለሉን እያየ ነበር።

*

ከሰላሳ ሰከንድ እንደገና ጀመሩ።

ለዋልተር ቀለለው፤ ለሁለቱ ግን ከበዳቸው። ዋልተር ፊት እንደምን አመሸህ የለም፣ ደህና እደሪ የለም። ኦሪን ወሬ መሃል ላይ ተነስቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ሲግኒ አፏን ከፍታ ቀረች፤ ስለ እናቷ እየነገረችው ነበር። ጠዋት ቁልፉ ይዞራል፣ ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሳያያት ሻይ ይጥዳል። እሷም ሳታየው ካፖርቷን ለብሳ ትወጣለች። ደረጃው መሃል ላይ ስትደርስ ነው ልቧ ምቱን የሚያስተካክለው።

ዓይን ለዓይን መተያየት ስለተከለከሉ ሌላ ሌላውን ማየት ለመዱ። እሷ የእጁን ጠባሳ ታውቀዋለች። እሱ በየትኛው እግሯ ጫማ ማድረግ እንደምትጀምር ያውቃል።

ሠላሳ ደቂቃ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ተኩል። ሳጥኑ ታጥፎ ከልብስ ሳጥኑ ጀርባ ቆመ። መጋቢት ገባ። ከወደቡ በረዶ የሚሰብረው መርከብ ሲያጓራ ይሰማ ጀመር፤ ሲግኒም ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀን ትቆጥራለች። ሐይቁ ሲከፈት ሚስስ ኒየሚ «እናየዋለን» ያሉት ቀን ይደርሳል። ሐይቁ ሲከፈት ኦሪን ይሄዳል። የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈራት ራሷን ስትጠይቅ መልሱን ቶሎ ታባርረዋለች።

አንድ እሁድ ሚስስ ኒየሚ ኬክ ይዘው ወደ ላይ ወጡ። ሦስቱ በሉ። አንድ ቁራሽ ቀረ። በዚያ አገር የመጨረሻውን ቁራሽ የሚያነሳ የለም፤ ነውር ነው። ሲግኒ ግማሹን ቆረጠች። ኦሪን የቀረውን ግማሽ ቆረጠ። ጣት የምታህል ሆና ሳህኑ ላይ ቀረች።

«ብላው» አለችው።

«የለም፣ አንቺ ብዪው።»

«እኔ ጠግቤያለሁ።»

«እኔም ደህና ነኝ።»

ሚስስ ኒየሚ ሁለቱንም በተራ አዩ። «እኔ አሮጊት ነኝ፣ አያገባኝም» አሉ። «ግን ኬክ ሲቆይ ይደርቃል።»

ጉልበታቸውን መትተው «እንግዲህ» ሊሉ ሲሉ፣ ኦሪን «አክስቴ» ብሎ ዋልተርን በአገጩ አሳያቸው። አሮጊቷ አፋቸውን ይዘው በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ወጡ።

*

ሰኞ ማታ ኦሪን ኩባያ እያጠበ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መርከቡ ላይ መሆን አለብኝ» አለ።

«እሺ» አለች ሲግኒ። እጇ ውስጥ ያለው ጨርቅ ተጨመደደ። «ብርድ እንዳይመታህ።»

«ያን ያህል እንኳ አይበርድም።»

«አዎ፣ ካለፈው ዓመት ይሻላል።»

ኩባያው ታጥቦ አልቆ ነበር። እንደገና አጠበው። ሲግኒ አንድ ነገር እስኪላት ጠበቀች። እሱም የጠበቀ መሰላት። ዋልተር ጠረጴዛው ሥር በህልሙ እግሩን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ኦሪን ፎጣውን ሰቅሎ፣ ምንም ሳይል፣ ሳያያት፣ በሩን ዘግቶ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ስትወጣ ኦሪን ወለሉ ላይ ከዋልተር ጎን ተቀምጦ ነበር። ልብሱ የታጨቀበት ቦርሳ ውሻው እንዳያየው ከበሩ ውጭ ቆሟል። መሰናበት ከፈለገች ያለችው ጊዜ ያቺ ብቻ ናት። አንድ ቃል። ግን ውሻው መሃላቸው ነበር። አንዱን የቆመ ጆሮውን ወደ እሷ አዙሯል። ያ ሁሉ ደረጃ ላይ የተቀመጡበት ምሽት በአንድ «ደህና ሁን» ሊፈርስ ነው።

ወተት ሊገዛ እንደሚወጣ ሰው ወጣች። የቦርሳውን ማንገቻ በእጇ ዳሰሰችና ደረጃውን ወረደች።

መስፊያ ቤት ውስጥ ስልክ ማየት ክልክል ነው። ሲግኒ ስልኳን ክር ማስቀመጫው ሳጥን ውስጥ አቆመችው። ከጎኗ የምትሰፋው ቬርና፣ ሃያ ዓመት እዚያ የቆየች ሴት፣ ጎንበስ ብላ አየች።

«እህ፣ ዛሬ ነው ውሻሽ ፈተና የሚቀመጠው?»

«ዛሬ ነው።»

«አንቺ ነሽ እንጂ የምትፈተኚው። ማንገቻውን ገልብጠሽ እየሰፋሽ ነው።»

እውነትም ገልብጣ ነበር። ፈታችው።

አምስት ሰዓት ላይ፣ በስልኩ ውስጥ፣ ኦሪን ከወለሉ ተነሳ። ሲግኒ የስፌት ማሽኗን መርገጫ ለቀቀች። ኩባያውን አጠበ። የለበሰውን ሹራብ አወለቀና ወንበር ላይ ጣለው። በሩ ጋ ሲደርስ ቁልፍ መስቀያው ፊት ለአፍታ ቆመ፤ ጀርባው ስለከለለው እጁ ምን እንዳደረገ አልታየም። ወጣ።

ዋልተር ቀና አለ። ወደ በሩ ሄደ። ተቀመጠ።

«በሩ ጋ ሄደ» አለች ሲግኒ በሹክሹክታ።

«ታዲያ የት ይሂድ፣ ሲኒማ?» አለች ቬርና። ግን እሷም ማሽኗን አቁማ ነበር።

አምስት ደቂቃ። አሥር። ዋልተር ተነስቶ ከበሩ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ተመላለሰ። አንድ ጊዜ በተቦጨቀው ፋንታ የተተካውን አዲስ መቃን በጥፍሩ ነካ። ሲግኒ ትንፋሿን ያዘች። ኦሪን መስፊያ ቤቱን አልፎ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ የወደቡ መንገድ በዚያው ነው። አንድ ዓይኗ ስልኩ ላይ፣ አንድ ዓይኗ የመንገዱ መስኮት ላይ ሆነ። ማንም አልቆመም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የመርከቡ ጥሩምባ ተነፋ። በዱሉት መርከብ ከወደብ ሲወጣ እየጮኸ ይሰናበታል፤ መርከብ ሲያልፍ ወደ ላይ የሚነሳው ድልድይም በራሱ ጥሩምባ ይመልስለታል። ከተማው ሁሉ ይሰማዋል። በዚያ ከተማ መርከብ እንኳ ሳይሰናበት አይሄድም።

ሲግኒ ሳታውቀው ተነስታ መስኮቱ ጋ ደርሳ ነበር። ከጣሪያዎቹ በላይ የሚታየው ረጅም ቀይ ጎን ብቻ ነበር፤ ዝም ብሎ ያልፋል።

«ሲግኒ» አለች ቬርና ከኋላዋ። «ነይ እዪ።»

ስልኩ ላይ ዋልተር ጥሩምባውን ሰምቶ ቆሟል። አንገቱን አስግጎ ሳጥኑ ወደነበረበት ባዶ ጥግ ሄደ። እዚያ ቆመ። ሲግኒ ከንፈሯን ነከሰች። ውሻው ጥጉን አሸተተ። ከዚያ ዘወር አለና የወንበሩን ሹራብ በጥርሱ ጎትቶ አወረደ። ጠረጴዛው ሥር ወሰደው። ሦስት ጊዜ ዞረበትና ተኛ።

«ተኛ» አለች ቬርና። «በቃ ተኛ። አንቺ ደግሞ ምነው? ምነው የኔ ልጅ?»

ሲግኒ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። የምታለቅሰው ለውሻው ብቻ እንዳልሆነ ቬርናም ሳታውቅ አልቀረችም፤ መሐረብ ሰጥታት ማሽኗን አስነሳች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሚስስ ኒየሚ ደረጃው ግርጌ ቆመው ጠበቋት።

«ዛሬ ምንም አልሰማሁም» አሉ። «ጆሮዬን ለሐኪም ላሳይ ነው መሰለኝ። አዲሱን ውል ጠረጴዛሽ ላይ አኖርኩልሽ፤ ስገባ እሱም ቀና ብሎ አላየኝም።»

ሲግኒ እጃቸውን ይዛ ቆየች። ከዚያ ሮጣ ወጣች። ዋልተርን ሳታይ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቁልፍ መስቀያውን አየች።

ባዶ ነው፤ ትርፍ ቁልፉ አልተመለሰም።

*

ረስቶት ይሆን? ወይስ ሆን ብሎ? የሚረሳ ሰው ኩባያውን ሁለት ጊዜ አያጥብም። የሚወድ ሰው ደግሞ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አይሄድም። ዋልተር በሰላም እየተኛ፣ ሲግኒ ነበረች ከበሩ ወደ መስኮቱ የምትመላለሰው።

ሐይቁ መሃል ላይ ስልክ አይሠራም። በሦስተኛው ቀን አንድ መልእክት መጣ።

«ዋልተር እንዴት ነው?»

ግማሽ ሰዓት አሰበችና «ደህና ነው» ብላ ጻፈች።

«ጥሩ» አላት።

ቬርና መልእክቱን አንብባ ስልኩን መለሰችላት። «ይሄ ነው የፍቅር ደብዳቤሽ? ከባንክ የሚመጣልኝ እንኳ ከዚህ ይሞቃል።»

«እኔስ ምን አልኩት?» አለች ሲግኒ። ከጠየቀች በኋላ ነው የገባት። ምንም አላለችውም። በቃል ሊፈርስ የሚችል ነገር ያላት ስለመሰላት፣ እንደ ዋልተር ጥርሷ እስኪሰበር ሽቦውን ነክሳ ቆየች።

በስድስተኛው ቀን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የካፖርቷን ገበር ስትሰፋ ከወደቡ ጥሩምባ ተሰማ። ብዙ መርከብ ይገባል፤ ላለማሰብ ሞከረች። ሰዓት አለፈ። ሚስስ ኒየሚ ጠዋት ያመጡት ኬክ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከሳህኑ ላይ አንድ ቁራሽ ቀርቷል፤ ብቻዋን ስትሆንም እጇ አይሄድላትም።

ደረጃው ላይ እግር ተሰማ። ዋልተር ጆሮውን አነሳ።

ቁልፉ ዞረ።

ኦሪን ገባ። ፊቱ በንፋስ ተልጧል። በእጁ አንድ ካርቶን ወተት ይዟል። አላያትም። ዋልተር ተነስቶ ጅራቱ ከወገቡ ጋር እየተወዛወዘ እግሩ ላይ ተጠመጠመ፤ ኦሪን አላየውም። ጫማውን አወለቀ፣ አስተካክሎ አኖረው። ወተቱን ፍሪጅ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

ሲግኒ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። ጣቷን ወግታለች፤ አልተሰማትም። የእሱን ጀርባ ታያለች። ትከሻው እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ከደረጃው ሩጫ ይሁን ከሌላ። ዋልተር ከእሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ እሱ ሮጠ። ውሃ ጠጣ። አንድ ጊዜ «ውፍ» አለ። ማንም አልመለሰለትም። በመጨረሻ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ጠረጴዛው ሥር፣ ሹራቡ ላይ ተጋደመ።

ያን ጊዜ ተያዩ።

«ወተት ልትገዛ ነበር የወጣኸው?» አለች። 

«አዎ።»

«ስድስት ቀን?»

«ሱቁ ትንሽ ራቅ ይላል።»

ልትስቅ ስትል ዕንባዋ ቀደማት። «አንድ ቃል እንኳ አላልከኝም፣ ኦሪን። ቁልፉን ወስደህ... እኔ እኮ አላወቅኩም። ረስተኸው ነው ብዬ...»

ኦሪን ከደረት ኪሱ የታጠፈ ፖስታ አወጣ። ጥጉ አልቋል፤ እርሳሱ ደብዝዟል። ያቺ የደረጃዋ ፖስታ ናት። ከሷ ትንንሽ ፊደል ሥር፣ በመርከቡ መናወጥ በተንጋደደ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሯል።

«እኔ አልሰናበትሽም።»

«ያኔ ማታ ነው ልጽፈው የፈለግኩት» አለ። «ድፍረቱ ዘገየብኝ። ሐይቁ መሃል ላይ ስደርስ ነው የመጣልኝ፤ እዚያ ደግሞ ስልክ አይሠራም።»

«ስልክ ሲሠራ ግን ስለ ዋልተር ጠየቅከኝ።»

«ስለሱም እኮ አሳስቦኝ ነበር።»

አሁን ሳቀች። ኦሪን ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ፣ ያ አገር የሚያውቀውን ነውር ሁሉ ችላ ብሎ፣ የመጨረሻውን ቁራሽ አነሳና ጎረሰው። እስኪውጠው ድረስ ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ሲግኒ ጉንጯ ሲግል ተሰማት።

«ስንት ሰዓት አለህ?» አለችው።

«ማዕድኑ ተጭኖ እስኪያልቅ። አራት ሰዓት ያህል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወተት ያልቃል» አለ፣ ቀስ ብሎ ወደሷ እየመጣ። «በየሳምንቱ ነው የሚያልቀው። እስከ ጥር።»

አራቱ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሲግኒ የካፖርቱን ገበር ለመጨረስ ወደ መስኮቱ ተመልሳ ነበር። ኦሪን ስለ አንድ አሮጌ ወጥ ሠሪ እየነገራት ሳለ፣ ወሬው መሃል ላይ ተነሳ። ጫማውን አደረገ። ወጣ። ቁልፉ ከውጭ በኩል ዞረ።

ዋልተር አንድ ዓይኑን ከፈተ፣ መልሶ ጨፈነው።

ከታች ሚስስ ኒየሚ የታጠፈውን የሽቦ ሳጥን ከግድግዳው ጋር ሲያስደግፉ ይሰማል፤ በግንቦት አተር ላሳድግበት ብለው ወስደውታል። ከጥቂት በኋላ ከወደቡ ጥሩምባው ተነፋ፤ ረጅም፣ ከዚያ አጭር፣ አጭር። ድልድዩ መለሰ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ውሻው ጆሮውን እንኳ አላነሳም። ሲግኒም መርፌዋን አላቆመችም።